ደቂቅ ሲኒማ

ማይክሮሲኒማ ለፊልም ተብሎ ባልተሠራ ጠባብ ቦታ፣ ለጥቂት ሰዎች፣ ተመርጠው የተሰናዱ ፊልሞችን ማሳየት ነው። ቦታውም በዚሁ ስም ይጠራል። ምድር ቤት፣ የሠዓሊ ስቱዲዮ፣ መጻሕፍት መደብር ወይም የዲዛይን ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ሊሆን ይችላል። በብዛት የሚታዩት ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ቦታ የማይሰጧቸው ፊልሞች፣ በተለይም አጫጭርና የሙከራ ሥራዎች ናቸው።

ቃሉ የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ሬቤካ ባርተንና ዴቪድ ሸርማን ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ በምድር ቤት ያቋቋሙትን ማሳያ በዚህ ስም ጠሩት። ልማዱ ግን ከስሙ ይቀድማል። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ገንዘብ ለከፈሉ ተመልካቾች ፊልሞቻቸውን ያሳዩት ፓሪስ ውስጥ በአንድ ካፌ ምድር ቤት ነበር። ዛሬም ብሩክሊን የሚገኘው ስፔክታክል የተባለው ማይክሮሲኒማ ቀድሞ የሰፈር ሱቅ በነበረ ቤት፣ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ይሠራል።

የዲዛይን ሱቅ ለአጫጭር የሙከራ ዘጋቢ ፊልሞች የሚስማማው በጠባብነቱ ብቻ አይደለም። ሆላንዳዊው በርት ሃንስትራ እ.ኤ.አ. በ1958 የሠራው «ግላስ» ጥሩ ማሳያ ነው። 11 ደቂቃ ያህል ይረዝማል፤ ተራኪ የለውም። የብርጭቆ ሠራተኞች ጉንጫቸውን ነፍተው በረጅም ቱቦ ሲነፉ፣ የቀለጠው ብርጭቆ በጃዝ ሙዚቃ ምት ቅርጽ እየያዘ ይሄዳል። ቀጥሎ ማሽኑ ይመጣል። የአንድ ጠርሙስ አንገት ይሰበራል፤ ማሽኑ ግን ስላልገባው ሥራውን ይቀጥላል፣ ጠርሙሶቹም የሰው እጅ እስኪደርስላቸው እየተጋጩ ይሰባበራሉ። ይህን ፊልም ብርጭቆ በተደረደረበት መደርደሪያ ሥር ተቀምጦ ያየ ሰው፣ መብራት ሲበራ መደርደሪያውን በሌላ ዐይን ያየዋል። ፊልሙ ስለ ዕቃው፣ ዕቃውም ስለ ፊልሙ ይናገራል። ትልቅ አዳራሽ ይህን ሊሰጥ አይችልም።

በአማርኛ ምን እንበለው? «አነስተኛ ሲኒማ» ቢባል ከትልቁ ያነሰ፣ ደረጃው ዝቅ ያለ አዳራሽ ያስመስለዋል። «ጥቃቅን» የሚለው ደግሞ «ጥቃቅንና አነስተኛ» ከሚለው የሥራ ዘርፍ ስም ጋር ተጣብቋል። የእኔ ምርጫ «ደቂቅ ሲኒማ» ነው። «ደቂቅ ዘአካላት» በማለት ቃሉን በሳይንስ ትምህርት ለምደነዋል፤ ትንሽነትን ያለ ንቀት ይናገራል። ግእዙ በተጨማሪ ልጆችን፣ ተከታዮችን ያመለክታል፤ የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች «ደቂቀ እስጢፋኖስ» እንደምንለው። በአንድ ሐሳብ ዙሪያ የተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎችንም ያስታውሰናልና ለነገሩ ይስማማል። ሲጻፍም፦ «ሱቁ አርብ ማታ ደቂቅ ሲኒማ ያስተናግዳል።»

ደቂቅ ሲኒማን ከቪዲዮ ቤት መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱም ጠባብ ናቸው፣ ሁለቱም ለሰፈር ቅርብ ናቸው። ቪዲዮ ቤት ግን የታወቀና የሚፈለግ ፊልም በርካሽ ያቀርብ ነበር። ደቂቅ ሲኒማ ተመልካች ያላገኘውን ሥራ ከተመልካቹ ጋር ያገናኛል። ለዚህም የሚመርጥ ሰው፣ ፊልሞቹ ለምን ጎን ለጎን እንደቀረቡ የሚያስረዳ አጭር መግቢያ፣ ሲያልቅም የውይይት ጊዜ ያሻዋል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ ፕሮጀክተር፣ ነጭ ግድግዳ ወይም የተወጠረ ጨርቅ፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያ፣ የሱቁን መስታወት የሚሸፍን ጥቁር መጋረጃ። የሙከራ ፊልም በድምፅም ስለሚናገር ድምፁ ከሥዕሉ እኩል ይታሰብበት። መግቢያው ነጻ ቢሆንም እንኳ የፊልሙን ባለቤት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ ለሠሪው ጥቂትም ቢሆን መክፈል ደግሞ ተገቢ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አጭር ዘጋቢ ፊልም ሠርተው የሚያሳዩበት ያጡ ወጣቶች አሉ፤ ማታ በራቸውን የሚዘጉ ሱቆችም አሉ። የዕደ ጥበብ፣ የቤት ዕቃ ወይም የዲዛይን ሱቅ ያላችሁ ሁሉ፣ በወር አንድ ምሽት ለእነዚህ ፊልሞች በራችሁን ክፈቱ።