የሙያተኛ ማስታወቂያና ጥቅሙ

ሙያተኛ ስለ ራሱ ማስታወቂያ ማውጣቱ ለረጅም ዘመን እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። የአሜሪካ የጠበቆች ማኅበር በ1908 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ፣ ጠበቃ ደንበኛን በማስታወቂያ እንዳይጠራ ከለከለ፤ ተራ የስም ካርድ ግን ተፈቅዶለት ነበር። የሙያተኛ ሀብቱ ስሙ ነው፣ ስምም በሥራ ይገኛል እንጂ በገንዘብ አይገዛም የሚል እምነት ነበረ። ይሁን እንጂ ደንቡ ስም ያለውን አንጋፋ ጠበቃ የጠቀመውን ያህል፣ ትናንት የተመረቀውን ወጣት መጉዳቱ አይካድም።

ይህን ደንብ ያናወጡት ጆን ቤትስና ቫን ኦስቲን የተባሉ ሁለት ወጣት ጠበቆች ናቸው። በ1974 በአሪዞና ግዛት፣ በፊኒክስ ከተማ፣ መካከለኛ ገቢ ያለውን ሕዝብ በአነስተኛ ዋጋ የሚያገለግል ቢሮ ከፈቱ። ከእያንዳንዱ ጉዳይ የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ቢሮው ሊቆም የሚችለው ደንበኛ ሲበዛ ብቻ ነበር። ስለዚህም በፌብሩዋሪ 1976 ዋጋቸውን በጋዜጣ አወጡ፤ ክርክር ለሌለበት ፍቺ 175 ዶላር፣ ለመዝገብ መክፈቻም 20 ዶላር የሚል ነበረበት። የግዛቱ የጠበቆች ማኅበር ከሰሳቸው፤ ነገሩ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 1977 በ5 ድምፅ ለ4 ረቱ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሃሪ ብላክመን፣ ማስታወቂያ የሙያን ክብር ያዋርዳል ለሚሉት ሲመልሱ፣ መሐንዲሶችና የባንክ ሰዎች እያስታወቁ ክብራቸው እንዳልተነካ አመልክተዋል። (መሐንዲስ በጠበቆች ክርክር ምስክር ሆኖ መቆሙ ነው!) በዓመቱ፣ በ1978፣ ያው ፍርድ ቤት የአሜሪካ ሙያተኛ መሐንዲሶች ማኅበር አባላቱን በዋጋ እንዳይወዳደሩ የከለከለበትን ደንብ ሻረው።

የ1977ቱ ፍርድ ግን አንድ ነገር አልወሰነም። ዋጋን ማስታወቅ ፈቀደ፤ የሥራ ጥራትን የሚመለከት ማስታወቂያ ግን ለመለካትና ለማረጋገጥ ስለሚያስቸግር ያሳስት ይሆናል ብሎ ጉዳዩን ሳይዘጋ ተወው። ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው የልፕ ይህንኑ ጥራት ከደንበኞች አስተያየት ሰብስቦ በኮከብ መስፈር ጀመረ። ገቢውን የሚያገኘው ደግሞ ኮከብ ከሚሰጣቸው ድርጅቶች ማስታወቂያ በመሸጥ ነው። አንድ የጥርስ ሐኪምና አንድ የእንስሳት ሕክምና ቤት ከሌሎች ጋር ሆነው፣ ማስታወቂያ እንድንገዛ በአስተያየቶች አስገደደን ሲሉ ከሰሱት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2014፣ ክሱ እውነት ነው ቢባል እንኳ ነገሩ ጠንከር ያለ የንግድ ድርድር እንጂ በማስፈራራት ገንዘብ መቀማት አይደለም ብሎ ክሱን ሳይቀበል ቀረ። በሕግ በኩል ነገሩ በዚህ አበቃ፤ ከሳሾቹ የተረኩ አይመስለኝም።

ጥቅሙስ? በዚህ በኩል ከግምት የተሻለ ነገር አለ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ወደ 18,000 ከሚጠጉ ምግብ ቤቶች መካከል ከ7,000 ለሚበልጡት በዕጣ የ3 ወር የየልፕ ማስታወቂያ ሰጡ። የገጻቸው ተመልካች በ25 በመቶ፣ የስልክ ጥሪያቸው በ13 በመቶ ጨመረ፤ ማስታወቂያው ባቆመበት ጊዜ ግን ጭማሪው ሁሉ ወዲያው ጠፋ። ለምግብ ቤት በአማካይ ወጪውን መልሷል ተብሎ ተገምቷል። ለመሐንዲስ ቢሮ ግን ይህን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ስሕተት ነው። ምሳ የሚበላ ሰው ዛሬውኑ ይወስናል፤ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ቀድሞ ያሠሩትን ይጠይቃል፣ ወራትም ይወስድበታል። የጥርስ ሐኪም ከሁለቱ መካከል የሚገኝ ይመስለኛል።

ኢቤይ የተባለው የገበያ ድርጅት የኢንተርኔት ፍለጋ ማስታወቂያውን ለሙከራ አቋርጦ ባደረገውና በ2015 በታተመው ጥናት፣ ማስታወቂያው በነባር ደንበኞች ላይ ያመጣው ለውጥ እምብዛም ነበር። የሠራው በአዲሶቹና አልፎ አልፎ በሚገዙት ላይ ነው። ስለሆነም ስሙ የታወቀ ቢሮ ለዚህ የሚከፍለው ገንዘብ በአብዛኛው ሊመጡ ለነበሩ ሰዎች የሚከፈል ነው። ትናንት የተከፈተው ግን ለ3 ወር ቢሞክረው አይነቀፍም፤ በ4ኛው ወር ማስታወቂያው ሲያቆም ስንት ሰው እንደ ደወለና ከደወሉትም ስንቱ ውል እንደ ፈረመ በመዝገብ ይያዝ።