የፈጠራ ሐሳብን ማዳበር፣ ማስጠበቅና ለሌሎች ማሳወቅ

የፈጠራ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዕለት ተዕለት ችግር ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ባለሙያ ሙቀት የማያባክን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሠራች እንበል። በጋራ መገልገያው ሕንፃ እንጀራ ስትጋግር ጎረቤቶቿ አሠራሩን ቢጠይቋት ምጣዱን ገልብጣ የሽቦውን አቀማመጥ ታሳያቸዋለች። ነገሩ የጉርብትና ወግ ነው፤ በሕግ ዓይን ግን ፈጠራውን ለሕዝብ ይፋ ማድረግ ሊሆን ይችላል።

የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ፣ ፈጠራዊ ብቃት ላለውና በኢንዱስትሪ ሊተገበር ለሚችል ፈጠራ ነው። አመልካቹ ራሱ ፈጠራውን ይፋ ያደረገው ማመልከቻው ከገባበት ቀን በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከሆነ አዲስነቱን አያሳጣውም። ይህን የመሰለ የእፎይታ ጊዜ ሁሉም አገሮች ስለማይሰጡ፣ ምርቱን ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ቢያመለክት ይመረጣል። ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው ማሳየት ግድ ከሆነ፣ ምስጢር የመጠበቅ ስምምነት በጽሑፍ መያዝ ይገባል።

የንግድ አሠራር ዘዴ ፓተንት አያስገኝም። የኮምፒዩተር ፕሮግራምም እንዲሁ፤ ጥበቃ የሚያገኘው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው።

ማመልከቻው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በአማርኛ ሊቀርብ ይችላል። አብዛኛው ድካም ያለው መግለጫው ላይ ነው፤ የሙያው ሰው አንብቦ ዕቃውን መሥራት እስኪችል ድረስ ግልጽ መሆን አለበትና። ሐሳቡን ለሌላ ሰው ለማስረዳትም “ኤሌክትሪክ ይቆጥባል” ማለት አይበቃም። በአንድ ዓይነት ሊጥ እኩል ቁጥር ያለው እንጀራ በነባሩና በአዲሱ ምጣድ ጋግሮ፣ ቆጣሪው ከመጋገሩ በፊትና በኋላ ያሳየውን መመዝገብ አሳማኝ ማስረጃ ይሆናል። አበዳሪ ተቋም በአንጻሩ ስለ ሽቦው እምብዛም አይጠይቅም፤ የአንዱን ምጣድ ወጪና ገዢውን ማወቅ ይፈልጋል።

ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለተጨማሪ 5 ዓመት ይራዘማል። ፈጠራዊ ብቃት ለማይጠየቅበት አነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት የ5 ዓመት ሲሆን፣ ለተመሳሳይ ጊዜ ሊታደስ ይችላል። የፓተንት ዓመታዊ ክፍያ በወቅቱ ካልተፈጸመ መብቱ ቀሪ ይሆናል።