የባንክ ወረቀት በጠገራ ብር አገር

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ፥ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለው በቀፊራ ገበያ የሚነግድ ሰው ዋጋውን በአብዛኛው የሚቀበለው የንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክ በታተመበት፥ ዘመኑም ዘወትር እ.ኤ.አ. 1780 በሚል በጠገራ ብር ነበር። ጠገራውን ያስከበረው በውስጡ ያለው ብር ሲሆን ያስቸገረው ደግሞ ክብደቱ ነው፤ አንዱ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን አንድ ሺሁ 28 ኪሎ ይሆናልና፥ ትልቁ ነጋዴ ሀብቱን በእንስሳ ጭኖ ከዘብ ጋር መሄድ ግድ ይሆንበት ነበር።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መጋቢት 1 ቀን 1897 ዓ.ም. ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ እንደራሴ ከማክጊሊቭሬይ ጋር በተፈራረሙት ውል፥ የአቢሲኒያ ባንክ ለ50 ዓመት ብቸኛ ባንክ እንዲሆን፥ የመንግሥትን ገንዘብ እንዲያስቀምጥ፥ የወረቀት ገንዘብም በስሙ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። የካቲት 9 ቀን 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተመርቆ በ1900 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፉን ከፈተ፤ ወረቀቱን ግን እስከ 1907 ዓ.ም. ገደማ አላወጣም።

ይህን መዘግየት በነቀፋ አላየውም። ወረቀቱ በራሱ ገንዘብ አልነበረምና፤ ያዡ በጠየቀ ጊዜ ጠገራ ሊከፍለው ባንኩ የገባለት የዕዳ ቃል ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ውል ለባንኩ ሥልጣን ሊሰጠው ይችላል፤ እምነትን ግን ሊሰጠው አይችልም። ነጋዴው ወረቀቱን የተቀበለው በባንኩ መስኮት ጠገራው ተቆጥሮ እንደሚሰጠው ባረጋገጠበት መጠን ብቻ ሲሆን፥ ባንክ በሌለበት ባላገር ግን ጠገራው ብቻውን ነገሠ።

ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ገንዘብ በባዕዳን ባለ አክሲዮኖች እጅ መኖሩ ለነጻ መንግሥት የማይገባ ነበር። እንግሊዞች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1844 ባወጡት ሕግ የግል ባንኮቻቸውን ወረቀት የማውጣት መብት አጥብበው ሥልጣኑን ወደ አንድ ባንክ ሲያከማቹ፥ የእኛው ነገር በውጭ ኩባንያ እጅ የሚቀርበት ምክንያት አልነበረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ውሉ 50 ዓመቱን ሳይጨርስ ባለ አክሲዮኖቹን በገንዘብ አሰናብተው ነሐሴ 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ባንክ አቋቋሙ፤ በብልሃትም የአቢሲኒያ ባንክን ገዢ ኮሊየርን በሥራው አቆዩት። ያን ጅምር የጣልያን ወረራ አፈረሰው።

ከነጻነት በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ወረቀቱን ያወጣው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ነበር፤ የሃምሳ ሳንቲሙ ግን ከብር ተመታ፤ ጠገራውን የለመደ ሰው በእጁ መዝኖ የሚያምነው ነገር እንዲያገኝ።