ማጥባትን ማን ያስተምራት?

«ጡት ማጥባት ተፈጥሮ ነው» ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የስዊድን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ገና የተወለደ ሕፃን በእናቱ ሆድ ላይ ተኝቶ ማንም ካልረበሸው፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ራሱ ጡቱን ፈልጎ ያገኛል።

ሌላው ግማሽ ግን ትምህርት ነው። ሕፃኑን ወደ ደረት አስጠግቶ መያዝ፣ አፉን በሰፊው እስኪከፍት መጠበቅ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን የጡት ክፍል ጭምር ማጉረስ፤ እነዚህን የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት ከሌላ ሴት ነው የምትማረው። ጫፉን ብቻ የጎረሰ ሕፃን እናቱን ያቆስላል፣ እሱም አይጠግብም። በደንብ ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተቱ ይቀንሳል።

ለዘመናት አስተማሪዎቹ እናት፣ አማት፣ አዋላጅና ጎረቤት ነበሩ። ያስተማሩት ሁሉ ትክክል አልነበረም። በአገራችን በብዙ ቦታ እንገሩ ታልቦ ይደፋ፣ ጨቅላውም ቅቤ ይውጥ ነበር። ቢሆንም አራሷ ብቻዋን አልነበረችም።

በምዕራቡ ዓለም ይህ ሰንሰለት የተበጠሰው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ወሊድ ሆስፒታል ገባ። ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው ተለይተው በሌላ ክፍል ይተኙ፣ በየአራት ሰዓቱ ይመገቡ ጀመር። ወተት የሚመረተው በተጠባው ልክ ስለሆነ የብዙዎቹ ነጠፈ፤ ጡጦ ቦታውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1956 ቺካጎ አቅራቢያ ሰባት እናቶች ላ ሌቼ ሊግን ሲመሠርቱ ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ያጠባች እናት አዲሷን ታስተምር።

በድሃ አገሮች ጉዳዩ የሞት ሽረት ሆነ። ጃማይካ የተወለዱት ሐኪም ሲሲሊ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲንጋፖር ውስጥ «ወተትና ግድያ» የሚል ርእስ የሰጡትን ንግግር አደረጉ። የቆርቆሮ ወተትን ለጨቅላ የሚስማማ አስመስሎ መሸጥ ግድያ ነው አሉ። ሽያጩ ግን ቀጠለ። የወተት ኩባንያዎች ነርስ የሚመስሉ ሻጮችን ወደ ማዋለጃ ክፍሎች እየላኩ ነፃ ናሙና አደሉ። ናሙናው እስኪያልቅ የእናትየው ወተት ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ዱቄቱን መግዛት ግዴታ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ዱቄቱ ይቀጥናል፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ይከተላል።

እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ የኔስሌን ምርቶች ያለመግዛት ዘመቻ ተጀመረ። በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ሽያጭ የሚገዛ ደንብ በ118 ድጋፍ አጸደቀ። ብቸኛዋ ተቃዋሚ አሜሪካ ነበረች። በ1991 ደግሞ ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅት ሆስፒታሎች እናትና ልጅን እንዳይለያዩ፣ አጠባቡንም ለእናቶች እንዲያሳዩ የሚጠይቅ መርሐ ግብር ጀመሩ። ሆስፒታል ያፈረሰውን ራሱ ሆስፒታል እንዲገነባ ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም የሚካሄደው ወሊድ 5 በመቶ ነበር፤ በ2019 48 በመቶ ደረሰ። በዚያው ዘመን ከስድስት ወር በታች ሆነው ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናት ከ49 ወደ 59 በመቶ ብቻ ነው ያደጉት። ቁጥሮቹ ምክንያቱን አይናገሩም። አንድ ነገር ግን ያሳያሉ፤ ጤና ተቋም መውለድ ብቻውን ማጥባትን አያስተምርም።

ወተት በብዛት የሚወርደው ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጡት የሚያብጠውና ጫፉ የሚቆስለውም በእነዚያው ቀናት ነው። ያኔ ብዙዋ እናት ከጤና ጣቢያ ወጥታ ቤቷ ገብታለች። የከተማዋ አራስ በኪራይ ቤት ናት፤ እናቷ ክፍለ ሀገር። ቀጣሪ ካላት ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው፤ የሚመከረው ግን ስድስት ወር።

«እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ» የሚለው ምክር ትክክል ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት በሯን አንኳኩቶ አጠገቧ የሚቀመጥ፣ ሕፃኑ እንዴት እንደጎረሰ የሚያይላት ባለሙያ ከሌለ፣ ምክሩ ለእናትየው ወቀሳ ሆኖ ይቀራል። አያቶቻችን እንገሩን ደፍተው ይሆናል፤ አራስን ግን ብቻዋን አልተዉም። እንገሩን መድፋት እንድናቆም ተምረናል፤ አብሮ መቀመጡን ግን መርሳት አልነበረብንም።