ወርቅ መሥራት ከቻለ ደመወዝ ለምኑ? የዮሐን ኩንክል ሕይወትና የመንግሥታት ሚዛን

መንግሥታት ዕውቀትን በምን ይመዝናሉ? ለዚህ ጥያቄ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ምድር የኖረው አልኬሚስትና ጸሐፊ ዮሐን ኩንክል ጥሩ ምስክር ነው።

ከብርጭቆ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው ኩንክል በድሬስደን የሳክሶኒው መስፍን የዮሐን ጌኦርግ 2ኛ አልኬሚስት ሆኖ ተቀጠረ። ከእርሱ የሚጠበቀው ተራውን ብረት ወደ ወርቅ እንዲለውጥ ነበር። ደመወዙ ሳይከፈለው ቆይቶ አቤት ቢል ከቤተ መንግሥቱ የተሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ይተረካል፤ ይኸውም ወርቅ መሥራት ከቻለ ገንዘብ አያስፈልገውም፣ ካልቻለ ደግሞ ገንዘብ የሚሰጠው በምን ምክንያት ነው? የሚል ነበር። በዚህ ሚዛን ዐዋቂ ማለት ወይ ተአምር ሠሪ ነው፣ ወይ አጭበርባሪ። በመካከል ያለው ትዕግሥተኛ ተመራማሪ ስፍራ የለውም።

ኩንክል ግን ወርቅ ሳይሠራ ብዙ ሠርቷል። የሐምቡርጉ ሄኒግ ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1669 ከሽንት ያወጣውን፣ በጨለማ የሚያበራውን ፎስፎረስ በራሱ ሙከራ አዘጋጅቶ በ1678 ጽሑፍ አሳተመበት። በ1679 ደግሞ ስለ ብርጭቆ ሥራ ታላቅ መጽሐፉን አወጣ፤ ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ኔሪ በ1612 ያሳተመውን መጽሐፍ ተርጉሞ፣ በሙከራ እየፈተነ እርማቱን አከለበት።

በኋላም የብራንደንቡርጉ መስፍን ፍሬድሪክ ቪልሄልም አስጠጋው፤ በ1685 ዛሬ የጣዎስ ደሴት የምትባለውን፣ በፖትስዳም አቅራቢያ የምትገኘውን ደሴት ሰጠው። ኩንክል በዚያ ቀይ የዕንቁ መልክ ያለው ብርጭቆ ይሠራ ነበር። በአሲድ የሟሟ ጥቂት ወርቅ ከብርጭቆው ጋር ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ መልክ የለውም፤ ዳግመኛ ሲሞቅ ግን ደም መስሎ ይቀላል። ወርቅ ፍለጋ የተጀመረው ጥበብ ወርቅን አሟሙቶ ሌላ ሀብት ፈጠረ ማለት ነው። የዚህን ብርጭቆ ምስጢር ግን በመጽሐፉ አልገለጠም። ደመወዙ በመስፍን ፈቃድ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ምስጢር ዋስትናው ነውና አይፈረድበትም።

በ1688 ደጋፊው ሲሞት ሁሉም ነገር ተገለበጠ። ወራሹ ፍሬድሪክ 3ኛ ስለ ወጣው ገንዘብ ሒሳብ ጠየቀው፤ በደሴቲቱ የነበረው የብርጭቆ መሥሪያም ተቃጠለ። ይህ ሁሉ ወጪ ምን ጠቀመ? ለሚለው ጥያቄ ሟቹ ጌታ ብርቅና ውብ ነገር ይወድዱ እንደ ነበር፣ ጥቅሙን በሚመለከት ግን መልስ እንደሌለው ተናገረ ይባላል። ዕውቀቱን የተቀበለችው ስዊድን ሆነች፤ ንጉሥ ካርል 11ኛ በ1693 የመኳንንት ማዕረግ ሰጡት። በ1703 ዐረፈ፤ የአልኬሚ ልምዱን የጻፈበት መጽሐፍም ከሞተ በኋላ በ1716 ታተመ።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል! የኩንክል ችግር የመሳፍንቱ ንፉግነት ብቻ አልነበረም፤ ለጋሱ ጌታም ቢሆን ከራሱ ዕድሜ የሚያልፍ ተቋም አላቆመለትም። በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ የቆመ ዕውቀት ከዚያ ሰው ጋር ይቀበራል። ከኩንክል ድካም ሹም ሽረቱን ተሻግሮ የቀረው፣ በጽሑፍ ያኖረውና ማንም አንብቦ ሊፈትነው የሚችለው ነው።