ዋሻውን የማይለቅ አባት

አምባዛ ሲባል የአብዛኛው አንባቢ ሐሳብ ወደ ጣና ወይም ወደ ዝዋይ መሄዱ አይቀርም። ረጃጅም ጢም ያለው፣ ጭቃ የሚወድ፣ ቅርፊት የለውም ተብሎ ከብዙ ቤት ማዕድ የተገለለ ትልቅ ዓሣ ነው። ክረምት ገብቶ ውሃው ወደ ዳር ሲሞላ ተከትሎ ይወጣና ዕንቁላሉን በረጠበው ሣር ላይ በትኖ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ልጆቹን አያውቃቸውም። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ የዚሁ የአምባዛ ወገን ነው፤ ጠባዩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ርዝመቱ ከሰው ጣት እምብዛም አይበልጥም። ገላው ከቅርፊት በጠነከረ የአጥንት ጥሩር የተሸፈነ ሲሆን፣ በጥቁርና በነጭ ሰረዙ የሜዳ አህያን ይመስላል። አባትየውም ዕንቁላሉን በዋሻ ውስጥ ይዞ፣ ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ከደጃፉ ንቅንቅ አይልም።

አገሩ ብራዚል ነው፤ ወንዙ ሺንጉ ይባላል። ሺንጉ ከማቶ ግሮሶ ከፍታዎች ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ አማዞን ይወርዳል። አልታሚራ የምትባለውን ከተማ ካለፈ በኋላ ግን መንገድ እንደጠፋው ሰው ድንገት ይታጠፋል። ያገሩ ሰዎች ይህን ስፍራ በፖርቱጋልኛ «ቮልታ ግራንዴ»፣ ማለትም «ታላቁ መታጠፊያ» ይሉታል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ውሃው በቋጥኝ መካከል እየተሰነጣጠቀና እየዘለለ ይሄዳል። ባለ ሰረዙ ዓሣ በተፈጥሮ የሚገኘው በዓለም ላይ በዚህ አካባቢ ብቻ ነው። የፕረሽያው ልዑል አዳልበርት እ.ኤ.አ. በ1842 የታችኛውን ሺንጉ ጎብኝቷል። ጀርመናዊው ሐኪምና አሳሽ ካርል ፎን ደን ሽታይነን ደግሞ በ1884 ከላይኛው ተፋሰስ ተነሥቶ በታንኳ ወርዶታል። ሁለቱም ስላዩት ሕዝብና ስለ ወንዙ ጻፉ። ከታንኳቸው ሥር፣ በቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ ልጆቹን የሚጠብቀውን ግን የሚያይ አልነበረም።

ዓሣው ወደ ውጭ ዓለም የወጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በአልታሚራ ለጌጥ የሚሆን ዓሣ እየያዙ የሚተዳደሩ ጠላቂዎች አሉ። ሥራቸው ቀላል አይምሰላችሁ። ጀልባ ላይ በተተከለ ኮምፕሬሰር የሚገፋ አየር በጎማ ቱቦ ወደ አፋቸው እየተላከላቸው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው ወደ ቋጥኙ ሥር ይወርዳሉ። ዓሣውንም ከየስንጥቁ እየጎረጎሩ ያወጡታል። በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በአውሮፕላን ባሕር ይሻገራል። በዚያን ጊዜ ከአማዞን ገባሮች የሚመጡት ባለ ጥሩር አምባዛዎች ብዛት የሳይንስ ሰዎች ስም ሊያወጡላቸው ከሚችሉት በላይ ሆነ። ስለዚህ ዳትዝ የተባለው የጀርመን የአኳሪየም መጽሔት ከ1988 ጀምሮ ፎቶግራፋቸውን እያወጣ ቁጥር ይሰጣቸው ጀመር። ከወገናቸው የላቲን ስም፣ ከሎሪካሪዴ የመጀመሪያው ፊደል ተወሰደና «ኤል 1»፣ «ኤል 2» እየተባለ ቀጠለ። ባለ ሰረዙ «ኤል 46» ሆነ። ጥቂት ሰረዙ ለየት ያለ ዓሣ ሲመጣ ደግሞ ሌላ መስሏቸው «ኤል 98» አሉት፤ ኋላ አንድ ዓይነት መሆኑ ታወቀ። በ1991 የአምስተርዳም የእንስሳት ሙዚየም ባልደረቦች ኢስብሩከርና ኔይሰን «ሂፓንሲስትረስ ዜብራ» የሚል የሳይንስ ስም አወጡለት። አርቢዎቹ ግን እስከ ዛሬ በቁጥሩ ይጠሩታል።

ዓሣውን ገዝቶ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ማኖር አንድ ነገር ነው፤ ማዋለድ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ዘመዶቹ ከእንጨትና ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን እየጋጡ፣ ዝኩኒና ኪያር ሲጣልላቸው ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። በዚህ ያመነ ሰው ኤል 46ን ያስርበዋል፤ እሱ ትልና የውሃ ነፍሳት ፈላጊ ነው። ውሃው ወደ 28 እና 30 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት፣ ብዙ ኦክስጅንና የማያቋርጥ ግፊት ያለው መሆን አለበት። ሞቆ የቆመ ውሃ ያፍነዋል። ከሁሉም በላይ ግን ዋሻ ይሻል። የተሰበረ ሸክላ፣ የኮኮናት ልጣጭ፣ እርስ በርሱ የተደገፈ ጠፍጣፋ ድንጋይ የማይሞክር አርቢ የለም። ብዙዎች የተስማሙበት ጫፉ የተደፈነ ጠባብ የሸክላ ቱቦ ነው። ዋሻው ሰፊ ከሆነ ወንዱ አይወደውም። ጀርባው ጣሪያውን፣ ክንፎቹ ግድግዳውን እስኪነኩ ድረስ ልኩ መሆን አለበት። ምክንያቱም ሴቲቱ ስትገባ ከኋላዋ ገብቶ መውጫዋን የሚዘጋው በገላው ነው። እሾሃማ ክንፉን ግድግዳው ላይ ተክሎ፣ ዕንቁላሏን እስክትጥል አንዳንዴ ቀናት ያግታታል። (ይህን ጠባይ ፍቅር ነው ወይስ ጠለፋ ብሎ መከራከር ለአንባቢ ይተው።) ሴቲቱ ዕንቁላሉን ከጣለች በኋላ ወጥታ ትሄዳለች። የሚቀረው አባት ነው።

ዕንቁላሉ ብዙ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቢሆን ነው። አንዱን እየነካ፣ ሌላውን እያገላበጠ፣ በክንፉ ውሃ እያራገበ ሌት ተቀን ይቆማል። ማራገቡን ቢያቆም ዕንቁላሉ አየር አጥቶ ሻጋታ ይወርሰዋል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ይፈለፈላሉ፤ ሆዳቸው ላይ የተንጠለጠለው አስኳል እስኪያልቅም ሁለት ሳምንት ያህል እዚያው እግሩ ሥር ይርመሰመሳሉ። አንሲስትረስ የሚባለው ዘመዱ፣ በየአኳሪየም ሱቁ የሚሸጠው ባለ ጢም ቡናማ ዓሣ፣ አባትነቱን ፊቱ ላይ ይዞት ይዞራል። ወንዱ አፍንጫው ላይ ሥጋ የመሰሉ ቅርንጫፎች ያበቅላል። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1999 እንዳሳሰቡት እነዚህ ጭራሮች ጫጩቶችን ይመስላሉ፤ ሴቲቱም «ልጅ የሚያሳድግ ነው» ብላ እንድትመርጠው ሊረዱት ይችላሉ።

ዋሻ ተገኝቶም ዓሣው ዕንቁላል አልጥልም የሚልበት ጊዜ ነበር። መልሱ የተገኘው ወንዙን በማሰብ ነው። ሺንጉ በበጋ ይጎድላል፣ ይሞቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ቀዝቃዛ አዲስ ውሃ ይወርዳል። አርቢዎቹ ይህን በባልዲ ይኮርጁት ጀመር። ለሳምንታት ውሃ መቀየር ይቀንሳሉ፣ ሙቀቱን ከፍ ያደርጋሉ። ከዚያ በአንድ ቀን ብዙ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ያፈሳሉ። ዓሣው ክረምት የገባ ይመስለዋል። በ1990ዎቹ አውሮፓ ውስጥ፣ በተለይም በጀርመን፣ በሰው ሳሎን የተወለዱ ኤል 46ዎች ታዩ።

ለምን ይህ ሁሉ ልፋት ይባል ይሆናል። ወደ አልታሚራ እንመለስ። በሺንጉ ላይ ግድብ የመሥራት ጥናት የተጀመረው በ1970ዎቹ ነው። በየካቲት 1989 አልታሚራ ውስጥ በተደረገ ታላቅ ስብሰባ ላይ ቱይራ የተባለች የካያፖ ሕዝብ ሴት ቆንጨራዋን ይዛ ተነሣችና የስለቱን ጎን በመንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅት መሐንዲስ ጉንጭ ላይ አሳረፈችው። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። ካራራኦ የተባለው ዕቅድም ወደ መሳቢያ ተመለሰ። ዓሣው በቁጥር መጠራት በጀመረበት ዘመን መሆኑ ነው። ዕቅዱ ግን አልሞተም፤ ስሙን ወደ ቤሎ ሞንቴ ለውጦ ተነሣ።

በ2004 የብራዚል መንግሥት ኤል 46ን ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ አስገብቶ መያዙንና ወደ ውጭ መላኩን ከለከለ። ሕጉ ለዓሣው የታሰበ ነበር፤ ዋጋውን ግን ሰቀለው። በደኅናው ጊዜ በርካሽ ይሸጥ የነበረው ዓሣ በመቶዎች ዶላር ይጠየቅበት ጀመር። ያጠመዱት ሁሉ በኮሎምቢያና በፔሩ ድንበር በኩል በድብቅ ይወጣ ገባ። ጠላቂው ትናንት የዕለት እንጀራው የነበረውን ዛሬ ወንጀል ሆኖ አገኘው።

የግድቡ ሥራ በ2011 ተጀመረ። በ2016 የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ፤ በ2019 መጨረሻ ሁሉም ተጠናቀቀ። 11,233 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። መብራት በሌለበት ቤት ያደገ ሰው ግድብን በጭፍን አይነቅፍም፤ እኔም ግድብ ሁሉ ክፉ ነው የምል አይደለሁም። የቤሎ ሞንቴ ነገር ግን ለየት ይላል። ወንዙን መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ይይዘውና በቦይ አቋርጦ ወደ ተርባይኖቹ ይወስደዋል። በዚህም ቮልታ ግራንዴ ከውሃው እስከ 80 በመቶ የሚደርሰውን ሊያጣ ይችላል። ማለትም የተነካው ባለ ሰረዙ ዓሣ የሚኖርበት ያ የወንዝ ክፍል ነው።

በ2017 ብራዚል ዓሣውን በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ ሦስተኛ መዝገብ ውስጥ አስገባችው። በ2022 ፓናማ ላይ በተደረገው ጉባኤ ወደ ሁለተኛው መዝገብ ከፍ አለ፤ ከወንዝ የተያዘ ለንግድ እንዲወጣ የተፈቀደው ቁጥርም ዜሮ ሆነ። በሳጥን ውስጥ የተወለደው ግን ይሸጣል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በብዛት የሚያረቡት አሉ፤ በአውሮፓና በአሜሪካም አንድ ጥንድ ከጓደኛው ተቀብሎ ምድር ቤቱን በሸክላ ቱቦ የሞላ ሰው ብዙ ነው። አልታሚራ ያሉት ጠላቂዎች ከዚህ ገበያ የሚያገኙት የለም።

በቮልታ ግራንዴ ዳር የሚኖሩት የጁሩና ሰዎች የወንዙን ከፍታና የዓሣውን ሁኔታ ራሳቸው ይመዘግባሉ። ምን ያህል ውሃ ወደ መታጠፊያው እንደሚለቀቅ አሁን የሚወሰነው በዝናብ ብቻ አይደለም፤ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው አለ። በ2023 መጀመሪያ ላይ ውሃው ከፍ ብሎ ዓሦች ወደ ዳር ወጡ። ከዚያ ውሃው ሸሸ። ጁሩናዎቹ ሲደርሱ ዕንቁላሉ በደረቅ መሬት ላይ ተነጥፎ ደርቆ አገኙት። የባለ ሰረዙ አልነበረም፤ እንደኛ አገሩ አምባዛ ጥሎ የሚሄድ የሌላ ዓሣ ዕንቁላል ነበር። ባለ ሰረዙ ዕንቁላሉን በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ስለሚይዝ፣ እሱ ዘንድ የሆነውን ከዳር ቆሞ ማየት አይቻልም።