ዱላና ኳስ፦ ከከረንቡላ ጠረጴዛ እስከ ላስታ የገና ሜዳ

ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን «አንድ የታሪክ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ እንደምጽፍ ጠብቃችሁ ይሆናል። የላሊበላ ልጅ መሆን የሚያመጣው ዕዳ ነው። ስለ እነሱ የተጻፈው ግን ሞልቷል፤ እኔ ስለ ጨዋታ ልጻፍ። መነሻዬ የስፖርት ኮሚቴያችን ነው። ለመገናኛው ቀን የከረንቡላ ውድድር ይደረግ ተባለና ሦስት ስብሰባ ሙሉ በሕጉ ላይ ተጨቃጨቅን። የደሴው ልጅ «እኛ ጋ እንዲህ ነው» ይላል፣ የወልድያው ይስቅበታል፣ የአዲስ አበባው ሁለቱንም አይሰማም። ሁሉም ግን እውነቱን ነበር፤ የተማረው እንደዚያ ነዋ!

ከረንቡላ ስሙም መልኩም የጣሊያን እጅ አለበት። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጣሊያኖች ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ ሲሠሩ፣ በየከተማው ቡና ቤታቸውንና ጨዋታቸውንም ይዘው ነበር። መንገዱ በወልድያ ያልፋል፤ ላስታን ግን ወደ ጎን ትቶት ነው የሚሄደው። የጠረጴዛው ሆድ ድንጋይ ነው፤ በበቅሎ አይጫንም። መኪና የገባበት ከተማ ከረንቡላ ሲያይ፣ መኪና ያልደረሰበት በራሱ ጨዋታ ቆየ። እኔ ራሴ ከረንቡላን ያየሁት ለትምህርት ወልድያ ስወርድ ነው። ዛሬ ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በእግርና በክረምት ጭቃ ነበር የሚለካው።

በሌላው ዓለም ይኸው ጨዋታ አንድ ሕግ አለው። ኪስ የሌለው፣ የመጫወቻው ርዝመት 2.84 ሜትር፣ ስፋቱ 1.42 ሜትር የሆነ ጠረጴዛ፤ ሦስት ኳስ። የራስህ ኳስ ሁለቱን ሌሎች ከነካ አንድ ነጥብ ነው። ከባዱ ዓይነት ደግሞ ሁለተኛውን ኳስ ከመንካቱ በፊት የጠረጴዛውን ጠርዝ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንዲነካ ይጠይቃል። በዚህ በከባዱ ዓይነት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1928 በፈረንሳይዋ ሬምስ ተካሄደ፤ ዓለም አቀፉ ማኅበር በ1959 ተቋቋመ፤ ቤልጂጋዊው ሬይሞን ኩልማንስ ዋንጫውን ከ20 ጊዜ በላይ ወሰደ። አፍሪካም አልቀረችም፤ የ2018ቱ የዓለም ሻምፒዮና የተደረገው ካይሮ ላይ ነው። (ኢንጂነር ጓደኞቻችን ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የምታውቁት ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 ስለ ቢሊያርድ ኳስ አካሄድ አንድ ሙሉ የሒሳብ መጽሐፍ ጽፏል።)

እኔን የያዘኝ ግን የጨዋታው አመጣጥ ነው። ቢሊያርድ ሲጀመር የጠረጴዛ ጨዋታ አልነበረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ሰዎች ሣር ላይ ቆመው ጫፉ በቆለመመ ዱላ ኳስ የሚገፉበት የሜዳ ጨዋታ ነበር። በኋላ የፈረንሳይ መኳንንት ከብርድና ከዝናብ ሸሽተው ወደ ቤት አስገቡት፤ ጠረጴዛ ላይ አወጡት። ጨርቁ አረንጓዴ የሆነው የሣሩ ምትክ ነው ይባላል።

ቆልማማ ዱላ፣ ኳስ፣ ሜዳ። የላስታ ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ምን ትዝ ይለዋል? ገና ነው እንጂ!

ታኅሣሥ 29 በላሊበላ የልደት በዓል ብቻ አይደለም፤ ንጉሥ ላሊበላ የተወለደበትም ቀን ሆኖ ይከበራል። በቤተ ማርያም ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ያሸበሽባሉ፣ ተሳላሚው ከየአገሩ ይጎርፋል። ቱሪስቱ የሚያየው ይህን ነው። እኛ በልጅነታችን የምንጠብቀው ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ሜዳ ነበር። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሆኗል፤ ለዚህ እኮ ነው ገና በገና የሚጫወተው። ዱላው ጫፉ በተፈጥሮ የጎበጠ እንጨት ነው፤ ልጅ ሳለን ከኅዳር ጀምረን ጫካ ለጫካ እንፈልገው ነበር። ኳሷን እሩር እንላታለን፤ ወይ ከእንጨት ትጠረባለች ወይ ከጠፍር ትሰፋለች። የላይ ሰፈር ከታች ሰፈር ይገጥማል፣ የተጫዋች ቁጥር የለም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። ዳኛው ሽማግሌ ነው፣ ሰዓቱ ፀሐይ። ሎሌው ጌታውን ቢመታ ጌታ አይቆጣም፤ ነገ ግን ያው ጌታና ሎሌ ናቸው። ለአንድ ከሰዓት የተፈቀደች እኩልነት ነበረች፤ እኔ ከጨዋታው ሁሉ የምወደው እሷን ነው።

ገና አሁን እንደ ከረንቡላ አልተበተነም፤ ወረቀት አግኝቷል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከገበጣ፣ ከትግል፣ ከፈረስ ጉግስና ከመሰሎቻቸው ጋር በጽሑፍ ሕግ አስገብቶ፣ ክልሎች የሚገናኙበት አገር አቀፍ ውድድር ያካሂዳል። የተወሰነ ተጫዋች፣ የተለካ ሜዳ፣ ፊሽካ የያዘ ዳኛ። «ይሄማ ገና አይደለም» የሚሉ አሉ፤ አጎቴ አንዱ ናቸው። «ሜዳው ልክ ካለው፣ እሩሯ ገደል ስትገባ ማን ይወርዳል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው ደርሶኛል፤ ግን አልስማማም። አንድ ሕግ ባይኖር ኖሮ የላስታ ልጅ ከጎጃም ልጅ ጋር እንደኛ ኮሚቴ ሲጨቃጨቅ ይመሽ ነበር። የጎደለው ሌላ ነው፦ የጋራው ሕግ ሲጻፍ የየአገሩ ወግ አብሮ መጻፍ ነበረበት። የላይና የታች ሰፈር ወሰን የት ነው፣ እሩር ውኃ ውስጥ ስትወድቅ ምን ይደረጋል፣ ተሸናፊው ምን ይከፍላል፤ ይህ ያለው ያጎቴ ዕድሜ ባሉ ሰዎች አፍ ላይ ብቻ ነው።

ስለ ከረንቡላው፣ ኮሚቴው ሦስት ኳስና ጠርዝ የማይቆጠርበትን ቀላሉን ሕግ እንዲይዝ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ የደሴው ልጅ እስካሁን አኩርፏል። ስለ ገናው ግን የእናንተን እጅ እፈልጋለሁ። ከላስታ፣ ከቡግናና ከመቄት የሰማሁትን በአንድ ደብተር ይዣለሁ። ከግዳን የመጣ እስካሁን አላገኘሁም። የግዳን ልጆች፣ ለመገናኛው ስትመጡ አባቶቻችሁን ጠይቃችሁ ኑ፦ እሩር አውድማ ውስጥ ከገባች ነጥብ ነው ወይስ ትመለሳለች? መቄትና ቡግና በዚህ አይስማሙም።